ሞተዋል ተብለው ለተመዘገቡት መምህሬ

አሽቀሎን፣ ሺምሾን ሰፈር
ሰኔ 14 ቀን 1985 ዓ.ም.

ይድረስ ለመምህሬ፤

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? ባለቤትዎና ልጆችዎ ደኅና ናቸው? ዐይኔን ያመኛል ብለው ጽፈው ነበር፤ ተሽሎዎት ይሆን? አዲስ አበባ ክረምቱ መግባቱን ሰምቻለሁ፤ የተከራዩት ቤት ጣሪያ እንደማያፈስ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ፣ ይመስገነው፣ ደኅና ነኝ። ሰላምታው እዚህ ላይ ይብቃን። ሞቷል ተብሎ ለተመዘገበ ሰው ከዚህ በላይ እንዴት ከረሙ ተብሎ እንደሚጠየቅ አላውቅም።

አጎቴ ብዬ እንዳልጀመርኩ አስተውለዋል። የእናቴ ታላቅ ወንድም መሆንዎን እርስዎም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። ነገር ግን አምስተኛ ክፍል ሳለሁ መምህሬ እንጂ አጎቴ ሊሆኑ አልፈለጉም። እኔም የተሰጠኝን ይዤ ቀረሁ።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ኅዳር ላይ ነው። ክንፉ የሚባለው ጎረቤታችን ዘመዶቹን ሊጠይቅ አዲስ አበባ ሄዶ ሲመለስ፣ በጃኬቱ የውስጥ ኪስ አጥፎ አምጥቶ በእጄ ሰጠኝ። የተጻፈው ለእህትዎ ነበር። ማንበብ እንደማትችል ስለሚያውቁ ፖስታው ላይ ልጅሽ ታንብብልሽ ብለው ጨምረዋል። አላነበብኩላትም። መሳቢያዬ ውስጥ፣ ከተማሪዎቼ ሥራ ሥር ቀበርኩት። ዓርብ ዓርብ እሷ ለሰንበት ገላዋን ስትታጠብ አወጣውና አነበው ነበር። ለምን ቢሉ፣ ስለሚጣፍጠኝ ነው። እርስዎ ሲለምኑ ማንበብ ደስ ይለኝ ነበር፤ ይህን ልደብቅዎት አልፈልግም።

የለመኑት ነገር ከባድ አይደለም። እዚህ ሚስራድ ሃፕኒም ወደሚባለው የአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሄደን፣ የእናቴ ወንድም መሆንዎን እንድንመሰክር ነው። ያለ ዘመድ ምስክርነት ስምዎ ወደዚህ ከሚመጡት ተጓዦች ዝርዝር እንደማይገባ ተነግሮዎታል። የእህትዎ መዝገብ ሲታይ ደግሞ በሕይወት ያለ ወንድም እንደሌላት ይናገራል፤ አንድ ስሕተት ተፈጥሮ ይሆናል ብለው ጽፈዋል። ምንም ስሕተት የለም። ልንገርዎት።

እርስዎ ክርስትና የተነሡ ጊዜ አያቴ ሰባት ቀን ልቅሶ ተቀመጠ። ከኦሪት ሃይማኖታችን ወጥቶ ለሄደ ሰው እንዲያ ይደረግ እንደ ነበር አይጠፋዎትም። እናቴም ጠጉሯን ተላጭታ ከአባቷ ጎን ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ በቤታችን ስምዎ የሚጠራው የሙታን ስም በሚጠራበት ቀን ብቻ ነበር። በ1977 በሱዳን አድርገን እዚህ ገብተን ስንመዘገብ፣ መዝጋቢዋ ወንድምና እኅት አለሽ ወይ ብላ ስትጠይቃት፣ እናቴ አንድ ወንድም ነበረኝ፣ ሞቷል አለች። መቼ ብትላት የተጠመቁበትን ዓመት ነገረቻት። መዝጋቢዋ ኒፍታር ብላ ጻፈች፤ ዐርፏል ማለት ነው። አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። የዐሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ ዕብራይስጡንም ገና በሦስት ወር የቃረምኩት ነበር። ያቺን ቃል ግን በደንብ አውቃታለሁ፤ መንገድ ላይ የቀሩብንን ስናስመዘግብ ደጋግመን የተማርናት ቃል ናት።

ስለዚህ መምህሬ፣ እዚህ አገር መዝገብ ላይ ከሞቱ ሠላሳ ሁለት ዓመትዎ ነው።

አሁን ወደ አምስተኛ ክፍል ልመልስዎት። 1971 ዓ.ም. ነው። ከጥቁር ሰሌዳው በላይ ስለ ሳይንሳዊ አስተሳሰብ በቀይ ቀለም የተጻፈ መፈክር ተሰቅሎ ነበር። እርስዎ ከመፈክሩ ሥር ቆመው ስለ ትነት ያስተምሩናል። ውኃ በመቶ ዲግሪ ይፈላል፣ ሲፈላ ይተናል፣ ጻፉ አሉ። ጻፍን። እኔ እጄን አነሣሁ። እናቴ በሠራችው እንስራ ውስጥ ያለው ውኃ ሳይፈላ እየጎደለ የሚሄደው ለምንድን ነው፣ ደግሞስ ከቆርቆሮው ባልዲ ይልቅ የሚቀዘቅዘው ለምንድን ነው ብዬ ጠየቅሁ። በዚያ ክፍል ውስጥ ከልቤ የጠየቅሁት የመጀመሪያ ጥያቄ ነበር።

ጠመኔዎን አስቀመጡ። ፊትዎ የተናደደ ሰው ፊት አልነበረም፤ የፈራ ሰው ፊት ነበር። ይህ የገባኝ ግን ካደግሁ በኋላ ነው። እዚህ የምናስተምረው ሳይንስ ነው፣ የቡዳ ቤት ወሬ አይደለም አሉኝ። ክፍሉ በሳቅ አወካ። እርስዎም ደወል እስኪደወል ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ እንድቆም አዘዙ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጆቹ ምሳቸውን ከእኔ እየደበቁ መብላት ጀመሩ። በሳምንቱ አንዷን ሆዷን ሲቆርጣት አይታት ነው ተባልኩ። እናትየዋ ግቢ ድረስ መጥታ ክንዴን ጨምድዳ ይዛ፣ እንትፍ በይባት ብላ ልጅቷ ላይ አስተፋችኝ። ተፋሁ። ዐሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። እርስዎ በመስኮት ሲመለከቱ አየሁዎት፤ መስኮቱን ዘጉ።

ቤት ገብቼ እያለቀስኩ ለእናቴ ስነግራት ጭቃ እያቦካች ነበር። እጇን ከጭቃው ሳታወጣ፣ አስተማሪሽ ወንድሜ ነው አለችኝ። ከስንት ትምህርት ቤት መርጣ እዚያ ያስገባችኝ ለምን እንደ ሆነ ያን ቀን ገባኝ። ዐይንዎ ቢያርፍብኝ ያውቁኛል ብላ ነው። አውቀውኝ ኖሯል። ከዚያ በኋላ ማክሰኞ ገበያ እሷ ሸክላዋን ዘርግታ በተቀመጠችበት በኩል ሲያልፉ፣ ጃንጥላዎን ፊትዎ ላይ አዘንብለው እንደሚያልፉ በዐይኔ አየሁ። እኔም ትምህርቴን ተውኩ። መልሼ የጀመርኩት እዚህ ከመጣሁ በኋላ፣ ከእኔ በአምስት ዓመት ከሚያንሱ ልጆች ጋር ተቀምጬ ነው።

ይህን ሁሉ አድርገው ሲያበቁ በደብዳቤዎ ምን አሉ? «የሳይንስ አስተማሪ መሆንሽን ሰማሁ፤ መሠረቱን የጣልኩልሽ እኔ በመሆኔ ኩራት ይሰማኛል።» ዐይን አውጣነት ነው! መጀመሪያ ሳነበው ሳቅ አምልጦኝ እናቴ ከወጥ ቤት ሆና ምን አገኘሽ አለችኝ። የአንድ ተማሪ ስሕተት ነው አልኳት።

በኋላ ግን ሳስበው እውነትዎን ነው። ጎበዝ አስተማሪ የሆንኩት ልጆችን ስለምወድ የሚመስላቸው አሉ፤ ርእሰ መምህርቷም በስብሰባ ላይ እንደዚያ ብላ አመስግናኛለች። እኔ ግን የማስተምረው እርስዎን ስለምጠላ ነው። አዲስ ትምህርት ባዘጋጀሁ ቁጥር፣ እሳቸው ይህን እንዴት ያስተምሩት ነበር ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ፤ ከዚያ ግልባጩን አደርጋለሁ። እስካሁን አሳፍሮኝ አያውቅም።

የማስተምርበትን ቦታ ልንገርዎት፤ እንዲቀኑ ብዬ ነው። ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ረዳት መምህርት ነኝ። እሑድና ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ግን ሰፈራችን ባለው ሚክላት ውስጥ የራሴ ክፍል አለኝ። ሚክላት በጦርነት ጊዜ ሕዝብ የሚጠለልበት ከመሬት በታች የተሠራ ቤት ነው፤ በሰላም ጊዜ ባዶውን ስለሚቀመጥ ማዘጋጃ ቤቱ ለቀቀልኝ። ሃያ ሁለት ልጆች ይመጣሉ። አብዛኞቹ የእኛው ልጆች ናቸው፣ የጎንደርም የትግራይም። ትምህርት ቤቱ ደካማ ብሎ ለብቻቸው ያስቀመጣቸው ናቸው። የትምህርት ቤቱ አማካሪ አንድ ቀን ጠርታኝ፣ እነዚህ ልጆች አይጠይቁም፣ ዐይናቸውንም ከመሬት አያነሡም፣ የማሰብ ችግር ሳይኖርባቸው አይቀርም አለችኝ። በትልቅ ሰው ፊት ዐይንን መስበር እኛ ዘንድ ጨዋነት መሆኑን አስረዳኋት። የማይጠይቁት ደግሞ የጠየቀ ምን እንደሚደርስበት ከወላጆቻቸው ስለሰሙ ነው አልኳት። ስምዎን አልጠራሁም።

ስለዚህ እኔ ክፍል መጽሐፍ አይገለጥም። ሕጉ አንድ ነው፤ ከቤትህ እስከዚህ ድረስ ስትመጣ ካየኸው ውስጥ ያልገባህን አንድ ነገር ይዘህ ና። መጀመሪያ ሰሞን ምንም አያመጡም ነበር። ቀስ በቀስ ጠጠር፣ የሞተ ጉንዳን፣ የፈነዳ አምፑል ማምጣት ጀመሩ። ኔታኔል የሚባል የስምንት ዓመት ልጅ አለ፤ እናቱ ባርኔአ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር ቪላ ታጸዳለች። አንድ ቀን አብሯት ሄዶ፣ የእነዚያ የትልልቅ ቤቶች የመስኮት ብረት ከእኛ ሕንፃ ብረት የባሰ ዝጎ አየ። ሞራ፣ ማለትም መምህርት፣ ሀብታሞቹ ቀለም መግዣ አጥተው ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

አልመለስኩለትም። ከአንድ ሳጥን ሃያ ሁለት ሚስማር አወጣንና በክር እያሰርን በየቦታው ሰቀልን፤ ባርኔአ ከባሕሩ ፊት ለፊት፣ ሺምሾን በየልጆቹ መስኮት፣ ትምህርት ቤቱ ኮሪደር ውስጥ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ብርቱካን እርሻው አጥር ላይ። እሑድ እሑድ እየሰበሰብን ነጭ ጨርቅ ላይ እንደረድራለን። የባርኔአው በሁለተኛው እሑድ ቀላ። የእርሻው አንድ ወር ሙሉ ንጹሕ ሆኖ ቆየ። አንደኛው ልጅ ሳይፈቀድለት የባርኔአውን ሚስማር ላሰና ጨው! ብሎ ጮኸ። ከዚያ በኋላ ጨው ከባሕሩ በነፋስ ተሳፍሮ እንደሚመጣ ራሳቸው ደረሱበት። የሀብታሞቹ መስኮት ቀድሞ መበላቱ በጣም ነበር ያስደሰታቸው። ልቆጣቸው ይገባ ነበር፤ እኔም ደስ ስላለኝ ተውኳቸው።

አማካሪዋን ጋብዤ ጨርቁን አሳየኋት። ልጆቹ ከበቧት። ነፋሱ ማታ አቅጣጫውን ለምን ይቀይራል፣ መርከብ ለምን ዝጎ አያልቅም፣ ጨው የሚበላ ጉንዳን አለ ወይ፤ ዐሥራ አንድ ጥያቄ ቆጠርኩ። አንዱንም መመለስ አልቻለችም፤ አንገቷ ድረስ ቀላች። ፊቷን ሳይ የማየው የእርስዎን ፊት ነበር። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

አሁን ወደ እህትዎ ልምጣ። እንዴት ናት ብለው ጠይቀው እስካሁን አለመመለሴን ሳያስተውሉ አልቀሩም።

ጥር ላይ ከሕንፃችን ጀርባ ለአዲስ ገቢዎች ቤት ሊሠሩ ትልቅ ጉድጓድ ቆፈሩ። ልጆቹን ይዤ የአፈሩን መልክ ልናይ ሄድን። ከላይ አሸዋ ነው፣ ከሥሩ ቀይ አፈር፣ ከዚያ በታች የሚያጣብቅ ግራጫ ጭቃ። ጭቃው ለምን እንደሚሆን ስላላወቅን እናቴን ጠራኋት። ምርኩዟን ይዛ መጣች። ከጭቃው ቆንጥራ በጣቶቿ አሸችው፣ በምላሷ ቀመሰችው፣ እንደ ገመድ አሹላ ጣቷ ላይ ጠመጠመችው። አልተሰነጠቀም። ይህ ይሠራል አለች። እዚህ አገር ስምንት ዓመት እጇን አጣጥፋ ነው የተቀመጠችው፤ ያን ቀን ግን ቤት እንግባ ብላት እንቢ አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ ሚክላቱን ወረሰችው። ልጆቹ አሸዋ ነፉ፣ ጭቃ ረገጡ፣ እሷ ደግሞ በአማርኛ ትቆጣቸዋለች፣ እነሱ በዕብራይስጥ ይመልሱላታል፤ ይግባቡ ነበር። የካቲት መጨረሻ ላይ ማሰሮዎቹን ሜዳው ላይ ስናቃጥል ጎረቤት ጭሱን አይቶ የእሳት አደጋ መኪና ጠራብን። ልጆቹ እሳት አጥፊዎቹን ከበው እሳቱ ከሥሩ ሰማያዊ የሆነው ለምንድን ነው እያሉ ሲያጣድፏቸው፣ ሰዎቹ ቧንቧቸውን ትተው ማስረዳት ጀመሩ። ከዘጠኙ ማሰሮ አምስቱ ተረፈ።

መጋቢት ላይ ከበረሓው የሚመጣው ትኩስ ነፋስ ተነሣ። ከቧንቧ አንድ ዐይነት ውኃ ቀድተን ግማሹን በላስቲክ ጠርሙስ፣ ግማሹን በእናቴ ማሰሮ አድርገን ሚክላቱ ደጃፍ ጥላው ላይ አስቀመጥን። ቴርሞሜትር ከትምህርት ቤት ተዋስኩ። በሦስተኛው ሰዓት የጠርሙሱ ሠላሳ ሦስት ዲግሪ ሆነ፣ የማሰሮው ሃያ ሦስት። የማሰሮው ውኃም ሁለት ጣት ያህል ጎድሏል። ዊንታ የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ አለች፤ ትምህርት ቤት ውስጥ ድምፅዋን የሰማ የለም። ማሰሮውን ዞራ ዞራ አየችና፣ እማማ፣ ውኃው ሳይፈላ ማን ወሰደው ብላ እናቴን ጠየቀቻት።

መምህሬ፣ ጥያቄዋ የእኔው ጥያቄ ነበር።

እናቴም አልቸኮለችም። አርባ ዓመት ሸክላ ሠርቻለሁ፣ አላውቅም አለቻት። በዚያ ሁሉ ልጅ ፊት ነው አላውቅም ያለችው። ከዚያ ወደ እኔ እያመለከተች፣ ይቺ እንደ አንቺ ልጅ ሳለች ጠይቃው ነበር፣ የመለሰላት አልተገኘም፤ እስቲ ራሷ ትመልስልሽ አለች። ሃያ ሁለቱም ዞረው አዩኝ። ሁላችሁም ክንዳችሁን በምራቅ አርጥቡና እፍ በሉበት አልኳቸው። ልሰው እፍ አሉ። ቀዘቀዛቸው። ዊንታ ሦስት ጊዜ ደጋግማ ካረጋገጠች በኋላ፣ ማሰሮው ላብ ያልበዋል፣ ላቡን ነፋስ ሲወስድበት ይቀዘቅዛል አለች። ያ ነው መልሱ። አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ በአንድ ከሰዓት በኋላ ደረሰችበት። እርስዎ ግን እኔን ግድግዳ ፊት አስቆመው ቀሩ።

ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ ክንዴን ይዛ፣ አስተማሪሽ ይህን ባየ አለችኝ። ወንድሜ አላለችም። ደብዳቤዎ ቤት፣ መሳቢያ ውስጥ ነው። ያን ጊዜ ብነግራት ይበቃ ነበር። እኔ ግን የሞተ ሰው አያይም አልኳት። ያሸነፍኩዎት መስሎኝ እስከ ቤታችን ድረስ ቀና ብዬ ሄድኩ።

ከፋሲካ በኋላ ኩላሊቷ ደከመ። ሆስፒታል አስገባኋት። በአራተኛው ቀን ነርሷ መዝገብ ይዛ መጥታ፣ ከአንቺ ሌላ የሚነገረው የቅርብ ዘመድ አላት ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እዚህ የእኛ ልጆች ሁሉ ሥራ ይህ ነው፤ በየቢሮውና በየሐኪም ቤቱ ለወላጆቻችን እናስተረጉማለን። ለእናቴ ተረጎምኩላት። እናቴ ዐይኗን ከፍታ፣ ወንድም አለኝ፣ አስተማሪ ነው አለች። አለኝ ነው ያለችው።

እኔ ወደ ነርሷ ዞሬ በዕብራይስጥ፣ ማንም የላትም አልኳት።

ነርሷ ጽፋ ሄደች። ወደ እናቴ ስመለስ ታየኛለች። ስምንት ዓመት ገበያም ክሊኒክም እኔን ይዛ ስለሄደች ዕብራይስጥ የማትሰማ ይመስለኝ ነበር። ያን ያህሉን ትሰማ ኖሯል። አልተቆጣችኝም። እሺ ልጄ ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። በማግስቱ ንግግር አቃታት፣ በሦስተኛው ቀን ሚያዝያ 18 ዐረፈች።

እንግዲህ ተረዱ። እህትዎ ሞታለች። እርስዎ ሳይሰሙ ሁለት ወር ሊሞላ ነው፣ ላረዳዎት አልፈለግሁም። እርስዎ በቁምዎ ሳሉ እሷ ሰባት ቀን ተቀምጣልዎታለች፤ ልቅሶዋን ዛሬውኑ እዚያው ይቀመጡ። ጎረቤት ማን ሞተብህ ሲልዎት ሸክላ ሠሪዋ እህቴ ብለው ይመልሱ። ጮክ ብለው ይበሉት። ይህን ያህሉን እበቀልዎታለሁ።

የቀረውን በቀል ምን እንዳደርገው ግን ግራ ገባኝ። እርስዎን ልመታበት ያነሣሁት ዱላ መጀመሪያ ያረፈው እሷ ላይ ነው። ፊቷን ወደ ግድግዳ ያዞርኩት እኔ ነኝ። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለእርስዎ የምነግርዎት ደግሞ ከእርስዎ ሌላ የሚገባው ሰው ስለማላውቅ ነው፤ እንዲህ መሆኑም ያናድደኛል።

ባለፈው ሰኞ አውቶቡስ ይዤ ሚስራድ ሃፕኒም ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ አይጠይቁኝ። ጸሐፊዋ የእናቴን መዝገብ አውጥታ፣ ይኸው እዚህ ሞቷል ይላል፣ ስሕተት ነው ወይስ ትክክል ነው አለችኝ። ሰባት ወር ያዘጋጀሁት መልስ ነበረኝ፤ አውቶቡስ ውስጥም በልቤ እየደገምኩት ነበር የሄድኩት። መዝገቡ ትክክል ነው ልላት ነበር። እሷ ግን ቀጥላ፣ እናትሽ ከመሞቷ በፊት ስለ እሱ ያለችው ነገር አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

እናቴ ለነርሷ ያለችውን ነገርኳት። ምንም ሳልጨምር፣ ምንም ሳልቀንስ፣ ቃል በቃል በዕብራይስጥ ነገርኳት። ጽፋ አነበበችልኝ። ድገሚልኝ አልኳት፤ ደገመችልኝ። ከዚያ ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረችው፤ ፈረምኩ።

ያመሰገኑኝ እንደ ሆነ እቀየምዎታለሁ። ከአውሮፕላን ማረፊያ የምቀበልዎት እኔ አይደለሁም፤ ክንፉን ይለምኑ። እኔን ማየት ከፈለጉ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሚክላቱ ክፍት ነው። የሚቀመጡት ከልጆቹ ጋር፣ በልጆቹ ወንበር ላይ ነው። ይጠይቁዎታል፤ የማያውቁትን አላውቅም ብለው መመለስን እዚያው ይለማመዱ። መቆጣት ክልክል ነው።

እግዚአብሔር ዐይንዎን ይማርልዎት፤ የሚያዩት ብዙ አለና። ልጆችዎን ያሳድግልዎት። ለእርስዎም ረጅም ዕድሜ ይስጥዎት። ይህን ከልቤ ነው የምለው፤ ቶሎ ቢሞቱ አመለጡኝ ማለት ነው። የእሷን ነፍስ ይማር።

የእህትዎ ልጅ